የቆየ የጀልባ ሞተር፦ አመራረጥ፣ አጠጋገንና አያያዝ

ከጀልባ ጀርባ በእጅ በሚጠብቁ ሁለት ቡሎኖች ተይዞ፣ ሞተሩ ከላይ፣ ማርሹና ፕሮፔለሩ ከውኃ በታች ሆነው የሚሠራው ተነቃይ የጀልባ ሞተር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኖርዌይ ተወልዶ ዊስኮንሲን ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ የራሱን ሞተር በሚልዋኪ ከተማ በ1909 ለገበያ አቀረበ፤ የጆንሰን ወንድማማቾች ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኢንዲያና ሳውዝ ቤንድ ቀለል ያለ ሞተር ይዘው መጡ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱ ስሞች በ1930ዎቹ አጋማሽ በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ፤ ኩባንያውም በኋላ አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ተባለ። በ2000 መጨረሻ ኩባንያው ከሰረ፤ በኤቪንሩድ ስም ሞተር መመረቱም በ2020 ቆመ። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጥገናው ስለሚጠቅም ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት ጆንሰንና ኤቪንሩድ በቀለምና በሽፋን ይለያዩ እንጂ አብዛኛው የውስጥ ዕቃቸው አንድ በመሆኑ፣ ለአንደኛው የሚሸጠው መለዋወጫ ብዙ ጊዜ ለሌላኛውም ይሆናል።

መመሪያው የሚከተለው በ1950ዎቹ አጋማሽና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውን ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት ጆንሰን ሲሆርስና መንትያውን ኤቪንሩድ ፊሸርማን ነው። ሁለት ሲሊንደር አለው፤ የሁለቱ ሲሊንደሮች ይዘት በድምሩ ወደ 145 ሲሲ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ብልጭታውን የሚያመነጨው በቮላኖው፣ ማለትም ከላይ በሚሽከረከረው ከባድ መንኮራኩር፣ ሥር ያለው በማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማግኔቶ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሞተር አላውቅም። ተመርቶ የተሸጠው በብዛት ስለሆነ ዕቃው ዛሬም ይገኛል፤ አሠራሩም ባለቤቱ ራሱ በጥቂት መሣሪያ ፈትቶ እንዲገጥመው የታሰበ ነው። ሌላ ሞዴል ያለው አንባቢ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ሊከተል ይችላል፤ ልኮቹን ግን ከራሱ ሞተር የጥገና መጽሐፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በጎተራና በጋራዥ ለ30 ወይም ለ40 ዓመት የቆመ ሞተር ብዙውን ጊዜ ገና ሕያው ነው። የሚገድለው፣ አዲሱ ባለቤት በጉጉት ተነሣሥቶ በገዛበት ቀን ገመዱን ስቦ በደረቁ ሲያስነሣው ነው። የውኃ ፓምፑ ጎማ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ የማርሽ ቤቱ ዘይት ወጥቶ ውኃ ገብቶበታል፤ ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጧል። ስለዚህ ከታች ያሉት ሥራዎች ሁሉ ተጠናቀው ሞተሩ ውኃ በርሜል ውስጥ እስኪቆም ድረስ ካንዴላዎቹ ወጥተው ለሚደረገው የኮምፕሬሽንና የብልጭታ ምርመራ ካልሆነ በቀር የማስነሻ ገመዱ አይሳብ።

ሲገዙ የሚታይ

ሻጩ «እንደሚሠራ አውቃለሁ» ቢልም ባይልም፣ ሁለቱን ካንዴላዎች ያስፈቱና ቮላኖውን በእጅዎ በቀስታ ያዙሩት። ከላይ ሲታይ ወደ ቀኝ፣ ማለትም የሰዓት ቆጣሪ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ያዙሩ፤ ወደ ግራ ማዞር የውኃ ፓምፑን ክንፎች ይቆለምማል። ቮላኖው ከዞረ መልካም ነው። ካልዞረ ግን ወዲያው አይተዉት፤ ፒስተኑ በቀላል ዝገት ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ሞተሩ አልቆለታል ማለት አይደለም።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ካለ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ይለኩ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም፤ የሚያሳስበው ልዩነቱ ነው። አንደኛው ከሌላው ከአሥር በመቶ በላይ ካነሰ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ተጣብቋል፣ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከሉ ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቷል ወይም ሲሊንደሩ ተጭሯል ማለት ነው። ቀጥሎ የማርሽ ቤቱን የታችኛውን የዘይት ቡሎን ጥቂት ያላሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ከሆነ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውኃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ) አልቋል፤ ሚኒሶታን ወይም ዊስኮንሲንን በመሰለ ክረምቱ በሚበርድ አገር ከሆነ ደግሞ ያ ውኃ በረዶ ሆኖ የማርሽ ቤቱን ሰንጥቆት ሊሆን ስለሚችል በዙሪያው ያለውን ብረት በመብራት ይመርምሩ። የተሰነጠቀ የማርሽ ቤት ያለውን ሞተር ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር አይግዙ።

የእግሩንም፣ ማለትም ከማሰሪያው ወደ ውኃ የሚወርደውን ክፍል፣ ርዝመት መለካት ይረሳል። አጭሩ የተሠራው የጀርባ ቁመቱ ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጀልባ፣ ረጅሙ ደግሞ ወደ 51 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ነው። ጨው ውኃ ላይ የኖረ ሞተር በብሎኖቹ ዙሪያ ባለው ነጭ ዱቄት ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን ሞተር ሲፈቱ ብሎኖቹ ግማሽ በግማሽ ይሰበራሉ፣ ስለዚህ ለጀማሪ አልመክረውም። የጎደለ ነገር ካለ፣ በተለይም የራሱ የነዳጅ ታንክ፣ ዋጋው ላይ ይደራደሩበት፤ ታንኩ ለብቻው ሲገዛ ከሞተሩ ሊወደድ ይችላል።

ለሥራው መዘጋጀት

በጀልባ ጀርባው ማሰሪያ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብበው የሞዴሉን ቁጥር ይመዝግቡ። በጆንሰን ላይ «ሲዲ» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥር የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ ያገለግላል፤ ዕቃ የሚታዘዘውም በዚህ ቁጥር ነው። የጥገና መጽሐፉን አስቀድመው ያግኙ።

ሞተሩን በወፍራም እንጨት ከተሠራ ማቆሚያ ላይ ቀጥ አድርገው ያስሩት። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሥሩ፤ ቤንዚን በተከፈተበት አካባቢ እሳት፣ የውኃ ማሞቂያ ወይም ሲጋራ አይኑር። የዚያ ዘመን ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ፣ ቀለሙም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በሽቦ ብሩሽ መፍጫ ወይም በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት አይፈቅፍቁ፤ በዘይት ወይም በውኃ አርሰው በቀስታ ይላጡት፣ ጭምብልም ያድርጉ።

የማይነቃነቅ ብሎን ሲያጋጥም ጉልበት አይጨምሩ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብተው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም በሙቀት መንፊያ አሙቀው፣ ብሎኑን ጥቂት ወደ መፍታት፣ ጥቂት ወደ ማጥበቅ እያፈራረቁ ያንቀሳቅሱት። ብረትና አሉሚኒየም ለስድሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው የብሎኑን ራስ ቆርጦ ቀሪውን ሲቦረቡር ይውላል። ሲመልሱት በጥርሱ ላይ መጣበቅ የሚከላከል ቅባት ይቀቡ።

ፒስተኑ የተያዘ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ እኩል በእኩል የተደባለቀ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ያፍስሱ፤ ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ከዚያም የቮላኖውን ዳዶ በቁልፍ ይዘው ወደ ቀኝ ብቻ በዝግታ ይሞክሩ። በካንዴላው ቀዳዳ ብረት አስገብቶ ፒስተኑን መምታት ፒስተኑን ይበሳዋል።

ብልጭታው

ከቆመ ሞተር ሁሉ ብልጭታ የሚጠፋበት ምክንያት በአብዛኛው ሁለት ነው፤ የፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋው መገናኛ) አፍ ኦክሳይድ ለብሷል፣ ወይም ቦቢናው (ኤሌክትሪኩን ለብልጭታ የሚያበረታው የሽቦ ጥቅል) ተሰንጥቋል። በ1950ዎቹ የተገጠሙት ቦቢናዎች ሽፋናቸው በዕድሜ ብዛት ስለሚተረተር፣ ስንጥቅ የታየበትን ቦቢና «ለጊዜው ይሠራል» ብሎ መተው አይጠቅምም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሐይቅ መካከል ላይ ያቆማል። ሁለቱንም ይቀይሩ። ሲየራን የመሰሉ የመለዋወጫ አምራቾች ለዚህ ማግኔቶ የሚሆን ቦቢና፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር ያቀርባሉ።

የማስነሻውን ክፍል አንሥተው የቮላኖውን ዳዶ ይፍቱ። ቮላኖውን ለማውጣት የሚያገለግለው በመካከሉ ባሉት ሦስት የብሎን ቀዳዳዎች የሚታሰር መንቀያ ነው። ጥርሱ የቮላኖውን ጠርዝ የሚይዝ መንቀያ ግን ቮላኖውን ያጣምመዋል፤ በመዶሻ መምታትም ማግኔቱን ያደክማል፣ የክራንክ ሻፍቱንም ጥርስ ያበላሻል። መንቀያው ከጠበቀ በኋላ ካልላቀቀ፣ የመንቀያውን መካከለኛ ብሎን ራስ በቀላሉ መታ ማድረግ ይበቃል። ትንሿ የቮላኖ ቁልፍ፣ ያቺ በሻፍቱ ጎድጓዳ ላይ የምትቀመጥ ብረት፣ እንዳትጠፋ ወዲያው ያንሷት፤ ጠርዟ የተቆረጠ ከሆነም ይቀይሯት።

አሁን ሁለቱ ቦቢናዎች፣ ሁለቱ ፑንቲናዎችና ሁለቱ ኮንደንሰሮች ተገልጠው ይታያሉ። የእያንዳንዱን ሽቦ አካሄድ ፎቶ አንሥተው አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ። አዲሱን ቦቢና ሲያስሩ የብረት እግሮቹ ጫፍ ከተቀመጡበት የተላገ ጠርዝ ጋር ትክክል መሆኑን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ወደ ውጭ ካለፉ የቮላኖው ማግኔት ይፈቀፍቃቸዋል፣ ወደ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ብልጭታው ይደክማል። የካንዴላውም ገመድ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው መሆን አለበት፤ ለዘመናዊ መኪና የሚሸጠው ውስጡ ካርቦን የሆነ ገመድ ለዚህ ማግኔቶ አይሆንም።

ፑንቲናውን የሚያስተካክሉት እንዲህ ነው። ዳዶውን በሻፍቱ ላይ መልሰው ወደ ቀኝ እያዞሩ፣ የፑንቲናው እግር በካሙ፣ ማለትም ፑንቲናውን በሚከፍተው በሻፍቱ ላይ ባለው ጎባጣ ክፍል፣ ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲወጣና አፉ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ያቁሙ። በዚያ ቦታ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ቅጠል እየታከከ፣ ግን ሳይጨናነቅ ማለፍ አለበት። ብሎኑን ሲያጠብቁት ልኩ ስለሚዛባ እንደገና ይለኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንደኛው ሲሊንደር ከሌላው ቀድሞ ስለሚተኩስ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ በንጹሕ ወረቀት አልኮል ነክተው በፑንቲናው አፍ መካከል ይጎትቱት፤ አዲስ ፑንቲና እንኳ መከላከያ ቅባት ተቀብቶ ይመጣል፤ የጣት ቅባትም ብልጭታን ለመከልከል ይበቃል።

ቮላኖውን ከመመለስዎ በፊት የሻፍቱን ሾጣጣ ጫፍና የቮላኖውን ቀዳዳ በደንብ አጽድተው ያድርቁ፤ እዚያ ላይ ዘይት አይቀባም። ዳዶውንም መጽሐፉ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ላልቶ የቀረ ቮላኖ ቁልፏን ቆርጦ ሻፍቱን ያበላሻል። ከዚያ የማስነሻውን ክፍል መልሰው፣ ካንዴላዎቹን ሳይገጥሙ፣ ሁለቱንም የካንዴላ ገመዶች ከሞተሩ አካል ጋር በተያያዘ የብልጭታ መፈተሻ ላይ አስረው ክፍተቱን 6 ሚሊ ሜትር ያድርጉና የማስነሻ ገመዱን ይሳቡ። ሰማያዊና የሚጮኽ ብልጭታ ይህን ክፍተት መዝለል አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም አንደኛው ወገን ከጎደለ ሥራው አላለቀም፤ ወደ ካርቡራተር አይለፉ። የካንዴላው የራሱ አፍ 0.75 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል።

ነዳጁ

ካርቡራተሩን ከማውለቅዎ በፊት ሁለቱ የማስተካከያ መርፌዎች ስንት ዙር ተከፍተው እንደነበር ይመዝግቡ። በዚህ ሞተር አንደኛው ለዝግታ፣ ሌላው ለፍጥነት ነው። ፈትተው በካርቡራተር ማጽጃ ያጥቡት፤ ቀዳዳዎቹን በለስላሳ የመዳብ ሽቦ ያጽዱ፤ የብረት መርፌ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ አያስገቡ። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከቡሽ የተሠራ ከሆነ ይጣሉት። የቡሹ ቫርኒሽ በዛሬው ኤታኖል በተቀላቀለበት ቤንዚን ይሟሟል፤ ቡሹም ነዳጅ መጥጦ ይሰጥምና ካርቡራተሩ ይጥለቀለቃል፤ የሟሟው ቫርኒሽ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለእነዚህ ሞዴሎች በሚሸጠው የጥገና ስብስብ ውስጥ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ፣ የመግቢያ መርፌና ጓርኒሲዮኖች አብረው ይገኛሉ። መርፌዎቹን ሲመልሱ በጣት ብቻ ቀስ አድርገው መሠረታቸው ላይ ያድርሱና የዝግታውን አንድ ዙር ተኩል፣ የፍጥነቱን አንድ ዙር ያህል ይክፈቱ። በካቻቪቴ ማጥበቅ የመርፌውን ጫፍ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ፈጽሞ በትክክል አይስተካከልም።

የ1950ዎቹ ሞዴሎች የነዳጅ ፓምፕ የላቸውም። ከታንኩ ወደ ሞተሩ ሁለት ቀዳዳ ያለው ድርብ ቱቦ ይሄዳል፤ በአንደኛው ከሞተሩ የሚመጣ የአየር ግፊት ወደ ታንኩ ይገባል፣ በሌላኛው ግፊቱ ቤንዚኑን ገፍቶ ያመጣዋል። ስለዚህ ታንኩ አየር የማያስወጣ መሆን አለበት፤ የክዳኑ ጎማ፣ የማገናኛው ቀለበቶችና ቱቦው ካረጁ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራና ይጠፋል፤ ብዙ ሰውም ጥፋቱን በካርቡራተሩ ላይ ይፈልጋል። ቱቦውን ያለ ማንገራገር በአዲስ ይለውጡ። በግፊት ሥር ያለ የቤንዚን ዕቃ አደገኛ መሆኑን አይርሱ፤ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ግፊቱን ቀስ ብለው ያስተንፍሱ፣ የዛገ ታንክም አይጠቀሙ። በኋላ ለመጡት ሞዴሎች የተሠራውን በእጅ የሚጨመቅ ጉብጉብ ያለበት ነጠላ ቱቦ በዚህ ሞተር ላይ እንዲሁ መሰካት አይሠራም፤ የነዳጅ ፓምፕ ጨምሮ የሞተሩን የግፊት መውጫ መለወጥ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ታንኩ ጤናማ ከሆነ የመጀመሪያውን አሠራር ጠብቆ ማቆየቱን እመርጣለሁ፤ ጤናማ ካልሆነ ግን ለታሪክ ሲባል ደኅንነትን መሠዋት ተገቢ አይደለም።

ስለ ዘይቱ ልክ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ1964 በፊት ለተሠሩት የዚህ ዓይነት ሞተሮች ልኩ ለ24 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው፤ ማለትም ለ20 ሊትር ቤንዚን 830 ሚሊ ሊትር ገደማ። በ1964 ኩባንያው ወደ 50 ለ1 የተሸጋገረው የሞተሮቹ ኩሽኔታ ስለተለወጠ ነው። የዛሬ ዘይት የተሻለ ነው በሚል የድሮውን ሞተር በ50 ለ1 ማስኬድ ለስላሳ ብረት ኩሽኔታውን ያደርቀዋል። ቀደም ያሉት የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ሞተሮች ከዚህም በላይ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ለእነርሱ መጽሐፋቸው ይታይ። ዘይቱ «ቲሲ-ደብልዩ3» የሚል ምልክት ያለበት የጀልባ ሞተር ዘይት ይሁን፤ የመኪናም ሆነ የሞተር ብስክሌት ዘይት አይተካውም። ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን የሚገኝ ከሆነ እርሱን ይምረጡ።

የውኃ ፓምፑና የማርሽ ቤቱ

የውኃ ፓምፑ ጎማ፣ ኢምፔለር የሚባለው፣ ሳይታይ አይታለፍም። ዓመታት የቆመ ከሆነ ደግሞ ማየትም አያስፈልግም፤ ይቀየራል። የታችኛውን ክፍል የያዙትን ብሎኖች ሲፈቱ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ከላይኛው ክፍል ጋር እንደተያያዘ ያስታውሱ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች በእግሩ ጎን ባለች ትንሽ ክዳን በኩል ይላቀቃል፣ በሌሎቹ የታችኛው ክፍል ጥቂት ዝቅ ሲል ማያያዣው ይታያል። በኃይል መሳብ ዘንጉን ያጣምመዋል።

የፓምፑን ቤት ከፍተው አሮጌውን ጎማ ያውጡ። ክንፉ ተቆርጦ ከሆነ ቁርጥራጩ ወደ ላይ የሚወስደውን የውኃ ቱቦ ዘግቶ ስለሚቀር፣ ሁሉም ቁራጭ እስኪገኝ ድረስ ይፈልጉ፤ ቱቦውንም በውኃ ያጥቡ። የፓምፑ ቤትና ከሥሩ ያለው ሳህን በጣት ሲዳሰስ ጭረት የሚያስታውቅ ከሆነ አብረው ይቀየሩ። አዲሱን ጎማ በሳሙና ውኃ ወይም በግሊሰሪን አርጥበው፣ ዘንጉን ወደ ቀኝ እያዞሩ ያስገቡት፤ ክንፎቹ በዚያው አቅጣጫ ይተኛሉ። ክፍሉን ወደ ላይ ሲመልሱ በዘንጉ ጥርስ ጎን ላይ ግራሶ ይቀቡ፣ በአናቱ ላይ ግን አይቀቡ፤ እዚያ የተከማቸ ግራሶ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል።

የማርሽ ቤቱ ሁለት የዘይት ቡሎኖች አሉት፤ የታችኛው ማውጫና መሙያ፣ የላይኛው የአየር መውጫ ነው። በአንዳንድ የዚህ ኩባንያ ሞዴሎች ከታችኛው ቡሎን አጠገብ መስቀል ራስ ያለው ሌላ ብሎን አለ፤ እርሱ የማርሽ መቀየሪያውን ማጠፊያ የያዘ እንጂ የዘይት ቡሎን አይደለም። በስሕተት የተፈታ እንደሆነ ውስጡ ያለው ክፍል ከቦታው ይወጣና የማርሽ ቤቱን ሁሉ መክፈት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ሥዕሉን ይመልከቱ። የወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ የፕሮፔለሩንና የዘንጉን ፓራኦሊዮ፣ የቡሎኖቹንም ራንዴላ ይቀይሩ። ለጀልባ የማርሽ ቤት የተሠራ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ቀስ ብለው ይግፉ፤ ከላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለበት ዘይት ሲወጣ የላይኛውን አስቀድመው ይዝጉ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። ከላይ የሚሞላ ሰው አየር ውስጡ ይቀርበታል።

ፕሮፔለሩን የያዘችው ፒን ድንጋይ ሲመታ ተቆርጣ ማርሹን እንድታድን ሆና ነው የተሠራችው። በምስማር ወይም በጠንካራ ብረት አይተኳት፤ ትክክለኛዋን ፒን፣ ከመጠበቂያ ሽቦዋ ጋር፣ ሁለትና ሦስት አድርገው በጀልባ ውስጥ ይያዙ።

ማስነሣትና ማስተካከል

ሞተሩን በትልቅ በርሜል ላይ ያስሩ። ውኃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው አግድም ሳህን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ቦታው ደጅ ይሁን፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። የራስጌ ክዳኑ ክፍት ከሆነ ሰፊ እጅጌና ረጅም ፀጉር ከቮላኖው ይራቅ። ማርሹን ገለልተኛ ላይ አድርገው፣ ቾኩን ጎትተው፣ ጋዙን በመነሻ ምልክቱ ላይ አቁመው ገመዱን ይሳቡ።

እንደተነሣ ዓይንዎ ውኃው ላይ ይሁን። ዘመናዊ ሞተር ማቀዝቀዣው መሥራቱን በቀጭን የውኃ ጅረት ያሳያል፤ ይህ ሞተር ግን ያ የለውም። በእግሩ ጀርባ ባሉት የጭስ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች በኩል ከጭሱ ጋር የተቀላቀለ የውኃ ጠብታ ሲረጭ ያያሉ። የሲሊንደሩንም ቴስታታ በእጅ ይንኩት፤ ሞቅ ብሎ እጅ የሚያስቆይ ከሆነ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ወይም የተረጨ የውኃ ጠብታ የሚንጫጫበት ከሆነ ያጥፉት።

የዝግታው መርፌ በበርሜል ውስጥ በማርሽ ላይ ሆኖ ይስተካከላል። ሞተሩ በካርቡራተሩ አፍ እስኪያስነጥስ በትንሽ በትንሹ ይዝጉ፤ ከዚያ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ይክፈቱ። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ሞተሩ መልስ እስኪሰጥ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። የፍጥነቱ መርፌ ግን የሚስተካከለው ጀልባው ሐይቅ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ነው። ፍጥነቱ መቀነስ እስኪጀምር ይዝጉ፣ ከፍተኛው ፍጥነት እስኪመለስ ይክፈቱ፣ ከዚያም ላይ ጥቂት ይጨምሩ። ያቺ ጭማሪ ዘይትም ጭምር ናት፤ በቀጠነ ድብልቅ የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደስ በሚል ኃይል እየሄደ ፒስተኑን ያቀልጣል።

በእኛ አገር ሐይቆች ለሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ይገኛሉ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መርፌ ያለው የድሮ ሞተር እዚህ ላይ ከአዲሱ ይሻላል፤ የፍጥነቱን መርፌ ከላይ በተነገረው ሥርዓት እዚያው ሐይቁ ላይ እንደገና ማስተካከል ይበቃል። ከጉልበቱ አምስተኛ የሚጠጋው ግን ከአየሩ ጋር ስለሚሄድ በማስተካከል አይመለስም፤ ጭነቱን መቀነስ ወይም ጠመዝማዛው ያነሰ፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያጠረ፣ ፕሮፔለር መግጠም ነው መፍትሔው። ጣና ላይ እምቦጭ ባለበት አካባቢ ሲያልፉም የውኃ መግቢያውን ወንፊት ደጋግመው ይመልከቱ፤ ሥሩ ከተጠመጠመ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

እነዚህ ሞተሮች ሰው ከጀልባ ሲወድቅ የሚያጠፋ ገመድ የላቸውም። የማግኔቶውን ብልጭታ ወደ ሞተሩ አካል የሚያወርድ ማጥፊያ ከገመድ ጋር መጨመር ቀላል ሥራ ስለሆነ ሳይጨመር ወደ ውኃ አይውጡ። ሞተሩንም ከጀልባው ጋር በሰንሰለት ያስሩት፤ የእጅ ቡሎኖች በንዝረት ይላላሉ።

ማቆየት

ቀለሙንና ተለጣፊ ጽሑፉን በሚመለከት የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። የፋብሪካው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ ይታጠብ፣ በሰም ይቀባ፣ አይነካ። አዲስ ቀለም በማንኛውም ጊዜ መቀባት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን አንዴ ከተላጠ አይገኝም።

ወቅቱ ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ በካርቡራተሩ አፍ የማከማቻ ዘይት ይረጩበት፤ ካርቡራተሩን ባዶ ያድርጉ፤ የማርሹን ዘይት በመከር እንጂ በጸደይ አይቀይሩ፤ ውኃ ገብቶ ከሆነ ከብርዱ በፊት ይታወቃል። ሞተሩን ቀጥ አድርገው አቁመው ገመዱን ጥቂት ጊዜ በመሳብ በውስጡ የቀረውን ውኃ ያውጡ። አጋድሞ ማከማቸት ውኃውን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል።

ሞተሩ ውኃ ውስጥ የወደቀ እንደሆነ ሰዓቱ ይሮጣል። እየሠራ ከወደቀ ውስጡ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል ቮላኖው በእጅ ሳይጨናነቅ መዞሩን ሳያረጋግጡ ገመዱን አይሳቡ፤ አሸዋ ከገባበትም መፈታት አለበት። ያለዚያ በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው የካንዴላውን ቀዳዳ ወደ ታች አዘንብለው ውኃውን ያፍስሱ፤ ካርቡራተሩን ያጽዱ፤ ማግኔቶውን በአልኮል ያድርቁ፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ጨምረው ብዙ ጊዜ ያዙሩትና በዚያው ዕለት አስነሥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። በዕለቱ ማስነሣት የማይቻል ከሆነ ደግሞ አውጥተው አየር ላይ አያስቀምጡት፤ ኩሽኔታውን የሚበላው ዝገት የሚጀምረው አየር ሲያገኝ ስለሆነ፣ የሚሠራው ሰው እስኪደርስ ድረስ በንጹሕ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደጠለቀ ያቆዩት።